የፊልም ካሜራዬን ስተው ስለ ቀሩት ነጋቲቮች

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ፎቶግራፍ አንሺ አባል የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን እላለሁ።

የዕድራችን ጸሐፊ «አንተ ከብዙዎቻችን ቤት ገብተህ ፎቶ ያነሣህ ሰው ነህና ስለ ሙያህ አንድ ነገር ተናገር፤ በመጽሔታችንም ይውጣ» ባሉኝ ጊዜ፣ ፎቶ አንሺ «ቀና በል፣ ፈገግ በል» ከማለት በቀር ንግግር አያውቅም ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር። ዳሩ ግን ለእናንተ የምነግራችሁ፣ ሳልነግራችሁም ባልፍ ዕዳ ሆኖ የሚቀርብኝ ጉዳይ ስላለ እሺ አልኩ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓመት የፊልም ዕቃዎቼን ጨርሼ አስወጣሁ። በፊልም ማንሣት ካቆምኩ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም ዕቃዎቹ ግን ከጨለማው ክፍል ሳይወጡ ቆይተው ነበር። ልጆቼ «አባባ፣ ይህ ክፍል ቢጸዳ እኮ ይከራያል» እያሉ ሲወተውቱኝ በመጨረሻ ተሸነፍኩ። ፎቶ የማሳድግበትን መሣሪያ ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለ ቡና ቤት ለጌጥ ወሰደው። ሁለቱ ካሜራዎች፣ ማለት የሩስያው ዜኒትና ጎንበስ ብለው ከላይ የሚመለከቱበት ያሺካ፣ የሚገዛቸው ስለ ጠፋ የልጅ ልጆቼ መጫወቻ ሆነዋል። የመድኃኒት ማጠቢያ ሳሕኖቹን ባለቤቴ ለዶሮዎቿ ውኃ ማጠጫ ልታደርጋቸው ስትል ከለከልኳት፤ መርዝ ነክቷቸዋልና። እንግዲህ በክፍሉ ውስጥ የቀረው 46 ካርቶን ነጋቲቭ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የእኔ ንብረት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በውስጡ ያለው የእናንተ ፊት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ካርቶኖች ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሜ የዱሮውን ሥራ ጥቂት ላስታውሳችሁ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥራውን ስማር ከሁሉ የሚፈለገው ጉርድ ፎቶ ነበር። ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ለመታወቂያው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለሥራ ማመልከቻው ሁሉ ጉርድ ይጠየቃል። በገበያ ቀን ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ገበሬ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዱላውን ከውጭ አስደግፎ፣ ከመጋረጃው ፊት ተቀምጦ ትንፋሹን ይይዛል። «ይተንፍሱ አባቴ» ካላሉት አይተነፍስም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ ሲሸጥ ገንዘብ ስለሚገኝ፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ስለሆነ የዓመቱ ሥራ የሚበዛው በእነዚህ ወራት ነው። በሬውን ወይም ላሙን አንሣልኝ ብሎ እስከ ማሳው የወሰደኝም አለ። የፎገራ ከብት እንደምታውቁት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ፊልም ምንም አልቀነሰበትም።

አንዱ ፊልም እንደ ዓይነቱ 12 ወይም 36 ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሣው። ስለዚህ ዝም ብሎ አይተኮስም። ሠርግ ላይ ሦስት ፊልም ይዤ ከሄድኩ ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ወላጆቹን፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ በዚያች ቁጥር አብቃቅቼ ማዳረስ ግዴታዬ ነው። ማታ ደግሞ እጥበት አለ። ፊልሙ ጨርሶ ብርሃን በሌለበት ከመያዣው ወጥቶ በማጠቢያው ዕቃ ውስጥ ይገባና በመጀመሪያ ምስሉን በሚያወጣው መድኃኒት፣ ቀጥሎ ሃይፖ በምንለው ምስሉን በሚያጸናው መድኃኒት ይታጠባል። ለጥቁርና ነጭ የመድኃኒቱ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የወረታን መጋቢትና ሚያዝያ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ችግር እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ውኃውን በእንስራ ሌሊት ደጅ አሳድሬ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ነበር የማጥበው። ወረቀቱን ማተሙ ግን በቀይ አምፖል ስለሚቻል እንደ ደስታ ሰዓት ነው። ባዶ ነጭ ወረቀት መድኃኒት ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ቀጥሎም ሙሉ ሰው ሲወጣ ስንት ዓመት ሙሉ አይቼው አልሰለቸኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ነጋቲቭ ነው።

በፊልሙ ላይ የተቀባው ነገር ከብር ማዕድን የተሠራ ነው። ብርሃን የነካው ቦታ ይጠቁራል፤ ያልነካው ይነጣል። ስለዚህ በነጋቲቭ ላይ ነጭ ነጠላ ጥቁር፣ ጥቁር ጠጉር ነጭ ሆኖ ይታያል። የፎቶግራፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1839 በፈረንሳይ አገር ለዓለም ሲገለጽ ዳጌር የተባለው ሰው የሠራው ምስል በብረት ሠሌዳ ላይ የሚወጣ አንድ ብቻ ነበር፤ ሠሌዳው ከጠፋ ጠፋ። ታልቦት የተባለው እንግሊዛዊ ግን በዚያው ዘመን፣ መጀመሪያ ነጋቲቭ አውጥቶ ከእሱ የፈለጉትን ያህል ቅጂ ማተም የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ለ150 ዓመት ያህል ዓለም በዚህ መንገድ ሠራ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ደንበኛው ቅጂውን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ነጋቲቩ ግን ፎቶ ቤት ይቀራል። ማንም ሳያስበውና ሳይማከርበት አንድ ፎቶ በሁለት ቤት ይጠበቅ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ጥቅም በእውነት የገባኝ በ1998 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ክረምት ርብና ጉማራ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ሜዳውን እንዴት እንዳጥለቀለቁት፣ ስንት ሰው ከነከብቱ እንደ ተፈናቀለ የማታስታውሱ ጥቂት ናችሁ። መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ አንድ ሽማግሌ ከሜዳው መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ የባለቤቴን ፎቶ ውኃ በላው። አንተ ዘንድ ይኖር ይሆን?» አሉኝ። ሴትዮዋ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። «መቼ ነበር የተነሣችሁት?» ብላቸው ዓመቱን አያውቁትም፤ «ታላቂቱን ልጃችንን የዳርን ጊዜ ነው» አሉ። እኔ ካርቶኖቹን በዓመትና በወር ለይቼ አስቀምጥ ስለ ነበር ሁለት ማታ ፈልጌ አገኘሁት። አሳድጌ አትሜ ስሰጣቸው ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ብዙ ዝም አሉና «ሁለተኛ ቀበርኳት ብዬ ነበር» አሉኝ። የሒሳቡን ነገር ማንሣት አልቻልኩም።

በእኛ በዕድርተኞች ዘንድ የፎቶግራፍን ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም። ዱሮ በለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ ጋሻው ይወጣና እሱ እየታየ ይለቀስ ነበር። ዛሬ ፎቶው ይወጣል። እናት ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፤ ለአርባውም፣ ለሙት ዓመቱም ያው ፎቶ ይወጣል። መልክ የሌለው ለቅሶ ይከብዳል።

ከታሪካችንም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከእኛ እምብዛም በማይርቀው በደብረ ታቦር ተቀምጠው፣ በጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ፣ የእንግሊዝ ጦር የካሜራ መሣሪያ የያዙ መሐንዲስ ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ይሁን እንጂ የንጉሡን መልክ እኛ የምናውቀው በሥዕል ነው፤ ሠዓሊው ሁሉ እንደየሐሳቡ ሥሏቸዋል። ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ግን ጦሩ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው፤ እዚያም በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። ልዑሉ እ.ኤ.አ. በ1879 ገና በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንድሶር ተቀበረ። ዕድር አልወጣለትም፤ ያገሩ ሰው አፈር አላለበሰውም። ሆኖም ያ ያዘነ የሕፃን ፊቱ እነሆ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ያየውም ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያዝንለታል። አባትና ልጅ በአንድ ዘመን ኖረው የአንዱን መልክ በግምት፣ የሌላውን በርግጥ እናውቃለን።

ከዚያም በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ሠርቶ ሙያውን ለልጆቹ አወረሰ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሽመልስ ደስታ የተባሉት አገራችን ያፈራቻቸው ፎቶ አንሺ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎም በደርግ ጊዜ ሠርተው ነጋቲቮቻቸውን ጠብቀው ስላቆዩ ሥራቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በለንደን ከተማ ለሕዝብ ታይቷል። ደግሞም የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የለቀሟቸውን የዱሮ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው እንደ እናንተና እንደ እኔ ያለ ተራ ሰው ነው። ሊታተም የቻለው ግን አንዲት እናት አልበሟን በሣጥን ስላቆየች ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ከጠቀመ ፊልሙን ለምን ተውከው ትሉኝ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር እኔ አልተውኩትም፤ እሱ ነው የተወኝ። መጀመሪያ ከለር መጣ። ከለር ፊልም በ37.8 ዲግሪ ሙቀት ሳይዛነፍ መታጠብ ስላለበት በእንስራ ውኃ የሚሞከር አይደለም፤ ፊልሙን በአውቶቡስ ወደ ትልቅ ከተማ ላቦራቶሪ መላክ ግድ ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኔ ከአጣቢነት ወጥቼ አንሺ ብቻ ሆንኩ። ቀጥሎ ዲጂታሉ መጣ። የሚያስገርመው ዲጂታል ካሜራን መጀመሪያ የሠራው በፊልም የከበረው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975። ያች የመጀመሪያዋ ካሜራ ክብደቷ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ሲሆን አንዷን ምስል በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅባት ነበር። ኩባንያው ግን የፊልም ገበያዬን ይበላብኛል ብሎ ቸል አለው፤ ሌሎች ቀደሙት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስመዘገበ። ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ ያልቻለውን እኔ የወረታው እንዴት እችላለሁ? ፊልም ፍለጋ ባሕር ዳር ስሄድ ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ማን ይገዛዋል ብለው ነው?» አለኝ። በመጨረሻ የገዛሁት ፊልም ጊዜው ያለፈበት ስለ ነበር የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቆረጥኩ።

ዲጂታሉንም አላማውም። መብራት ሲጠፋ የሚበላሽ እጥበት የለም። ሕፃን ዓይኑን ቢጨፍን ወዲያው አይቼ ደግሜ አነሣለሁ፤ ዱሮ ከሳምንት በኋላ ነበር የማውቀው። ሳንባዬም ከመድኃኒቱ ሽታ አረፈ። ለድሃውም ቢሆን ጠቅሞታል፤ ዱሮ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ሰው ዛሬ ልጆቹን በየዕለቱ ያነሣል። ገበያዬ መቀነሱ እርግጥ ነው። ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ለጉርድ ይመጣ የነበረውም ቢሆን የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣ ፎቶው እዚያው መመዝገቢያው ላይ ስለሚነሣ ቀርቶብኛል። ይህ የጊዜ ነገር ነው፤ ሸማኔውንም፣ ልብስ ሰፊውንም ደርሶበታል። የማዝነው በሌላ ነው።

ባለፈው ጊዜ ከዕድራችን አንድ ወጣት በድንገት አረፈ። ቤተሰቡ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው። ድንኳን ተተክሎ፣ ጥሩምባ ተነፍቶ፣ ለቅሶው ሊወጣ ሲል ለትልቁ ባነር የሚሆን ፎቶ ተፈለገ። ልጁ ፎቶ የሚወድ፣ በስልኩ በሺህ የሚቆጠር ምስል የነበረው ነው። ስልኩ ግን ተቆልፏል፤ መክፈቻውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጓደኞቹ የላኩልኝ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ተጨምቆ ተጨምቆ ስለ ነበር ሳሳድገው ፊቱ ድንጋይ በድንጋይ የተደረደረ መሰለ። በመጨረሻ የተገኘው የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተን የተነሣው ጉርድ ነው። የ24 ዓመት ጎልማሳ በ14 ዓመት ልጅ ፊት ተለቀሰለት። እናቱ ባነሩን እያየች «ይህማ ትንሹ ልጄ ነው፤ ትልቁ የት አለ?» ስትል የሰማችኋት ታስታውሳላችሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝን ሌላ ነገር ደግሞ ዛሬ በእናንተ ፊት እናገራለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ያነሣኋቸው ሠርጎች፣ ክርስትናዎች፣ ምረቃዎች ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበሩ። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ «አላውቀውም» አለ። ባሕር ዳር ወሰድኩት፣ አዲስ አበባም ላክሁት፤ ሊመለስ አልቻለም። አራት ዓመት ጠፋ። ከእናንተ መካከል በእነዚያ ዓመታት ልጆቻችሁን የዳራችሁ አላችሁ። «ያን ፎቶ ድገምልን» ብላችሁ ስትመጡ «እፈልገዋለሁ» እያልኩ የሸኘኋችሁም አላችሁ። የሚፈለግ ነገር አልነበረም። ይቅርታ አድርጉልኝ። በእንስራ ውኃ ያጠብኳቸው የዱሮ ነጋቲቮች በካርቶን ውስጥ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆዩ፣ ብዙ ገንዘብ ያወጣሁበት ዕቃ በአንድ ቀን ሞተብኝ። ጥፋቱ ግን የዕቃው አይደለም፤ የእኔ ነው። ነጋቲቩና ወረቀቱ በሁለት ቤት መጠበቃቸው ያስገኘውን ጥቅም ረስቼ ሁሉን በአንድ ቦታ አስቀመጥኩ። ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶም እንደዚሁ ነው፤ ወደ ዳጌር ነጠላ ሠሌዳ ተመልሰናል ማለት ነው። በኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል የምትሉ ልጆችም፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ያስቀመጣችሁትን ማየት እንዳልቻላችሁ አትርሱ።

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር እለግሳለሁ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እምብዛም የለበትም።

አንደኛ፣ በየቤታችሁ ካለው ሰው ሁሉ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ በዓመት አንድ ፎቶ በወረቀት አሳትሙ። አንድ ብቻ ይበቃል። ከጀርባው ስምና ዓመተ ምሕረት በእርሳስ ይጻፍ፤ በእስክርቢቶ ተጭኖ መጻፍ ፊቱን ያበላሸዋል። ስም የሌለው ፎቶ ከ40 ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ አንዱ ፎቶ ከአንድ ቤት በላይ ይቀመጥ። ለተዳረችው ልጅ፣ ለወንድም፣ ለክርስትና አባት አንድ ቅጂ ይሰጥ። የእናንተን ቤት ውኃ ቢያገኘው የእነሱ ይተርፋል። በቴሌግራም የምትልኩም ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት፤ እንዲያው በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቃል፤ ለማሳደግም አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የስልካችሁን መክፈቻ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ። ሞትን መጥራት አይደለም። ዕድር የገባ ሰው ሞቱን አስቦ ነው የገባው፤ ይህም ከዚያ የተለየ አይደለም።

አራተኛ፣ እኛ የምንኖረው ውኃ በሚጎበኘው አገር ነው። ፎቶ ወይም ነጋቲቭ ውኃ ቢገባው ተጣብቆ እንዲደርቅ አትተዉት፤ ከደረቀ በኋላም በግድ አትላቅቁት። ገና እርጥብ ሳለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ እንዲላቀቅ አድርጉ፤ ከዚያ ፎቶውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በጥላ አድርቁት፤ ነጋቲቩን ጫፉን ይዛችሁ እንደ ልብስ ስቀሉት። ፀሐይና እሳት አታሳዩት።

አምስተኛ፣ በቤታችሁ ነጋቲቭ ያላችሁ «ጥቁር ላስቲክ ነው» ብላችሁ አትጣሉ። ልጆቻችሁ የአንዱን ስልክ መስኮት ነጭ አድርገው፣ ነጋቲቩን ከዚያ ብርሃን ጥቂት ከፍ አድርገው ይዘው፣ በሌላ ስልክ ያንሡትና ቀለሙን ይገልብጡት፤ ሰውየው ይወጣል። ጠርቶ እንዲወጣ የፈለገ ወደ እኔ ያምጣው።

አሁን ስለ 46ቱ ካርቶኖች ለኮሚቴውና ለጠቅላላው ጉባዔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየወርኃዊ ስብሰባችን ቀን ጥቂት ጥቂት ካርቶን፣ ከጥንቱ ጀምሬ፣ ይዤ እመጣለሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ለይቶ ይውሰድ። ነጋቲቩ የሚሰጠው ለተነሣው ሰው፣ እሱ ከሌለም ለቤተሰቡ ብቻ ነው፤ ማንም የሰው እናት ፎቶ ወስዶ ያለ ፈቃድ በፌስቡክ እንዲለጥፍ አንፈቅድም። ባለቤት ያልተገኘለት ግን ወደ ቆሻሻ አይሂድ። ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት የዕድራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ውኃም ምስጥም የማይደርስበት አንድ መደርደሪያ ከፍ ተደርጎ ቢሠራልኝ እዚያ አስቀምጣለሁ። የእንጨቱን ዋጋ እኔ እችላለሁ።

እንደዚሁም የዕድራችን መዝገብ የአባሉን ስምና የከፈለውን ገንዘብ ይዟል፤ መልኩን ግን አልያዘም። ከዛሬ ጀምሮ በየስሙ አንጻር አንድ ፎቶ ቢለጠፍ መልካም ነው እላለሁ። ለዚህ የሚሆነውን እኔ በነጻ አነሣለሁ፤ በነጻም አትማለሁ። ሁለት ቅጂ አወጣለሁ፤ አንዱ ለመዝገቡ፣ አንዱ ለቤታችሁ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. አንሥቼ በወረቀት የወሰዳችሁት ፎቶ ያላችሁም እባካችሁ አንድ ቀን አውሱኝ፤ ቀድቼ እመልስላችኋለሁ፤ ቅጂውም ፎቷን ላጣች ጎረቤታችሁ ትጠቅም ይሆናል። በአንዱ ሠርግ ላይ ሌላው ቤተሰብ ቆሞ ነበርና።

ካሜራው ቢቀየር ግድ የለም። ዱሮ ፎቶ አንሺው ሳያውቀው ይጠብቅላችሁ የነበረውን ዛሬ እያንዳንዱ ቤት አውቆ ሊጠብቀው ይገባል። ብቻውን የማይችለውን ደግሞ ድንኳኑን እንደምንይዘው በጋራ እንያዘው።

 በሚቀጥለው ዓመት ሁላችንንም በደኅና ያገናኘን። ለመነሣት ስትመጡም ነጠላችሁን አስተካክላችሁ፣ ተንፍሳችሁ ኑ።